ለናርዶስ ያላነበብኩላት መስመር

«ሐቦባ፣ ገዛኸኝ ምን ሰምቶብኝ ነው እንዲህ የጠፋው?»

ናርዶስ ይህን የጠየቀችኝ ዓርብ ጠዋት ነው፤ አል-ጣኢፍ ሰፈር ካለው የሰው ቤት ሥራዋ የምታርፍበት ብቸኛ ቀኗ። ፀጉሯን ታጥባ እግሬ ሥር ተቀምጣለች፤ እኔ ከኋላዋ ሆኜ አበጥራታለሁ። ፊቷን አለማየቴ በጀኝ። ማበጠሪያውን እንደያዝኩ እጄ አየር ላይ ቀረ።

«እንጃ ልጄ። ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አልኳት።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ?»

«መተማ መንገድ ላይ ይሆናላ። እዚያ ስልክ የት ይሠራል?»

«ይሠራል እንጂ። ከጋላባት ሆኖ ስንቴ ደውሎልኝ የለም?» አለችና አንገቷን ዞር አድርጋ አየችኝ። «ወይስ በሽታዬን ሰማ? ሸሽቶኝ ከሆነ ደውዬ አልለምነውም።»

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ ፀጉርሽን ትበጥሺዋለሽ» ብዬ ጭንቅላቷን መለስኩት። ልጁ ለምን እንደጠፋ በዚህች ካርቱም ውስጥ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከሥሩ ልንገራችሁ። ስንቅነሽ እባላለሁ። ካርቱም ከገባሁ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ነው ቤቴ። ናርዶስ የልጄ ልጅ ናት። ናርዶስ አራት ዓመት ሲሆናት እናቷ ትታልኝ ቤሩት ሄደች፣ እዚያው ቀረች። እኔ ነኝ ያሳደግኳት። የሱዳን ልጆች አያታቸውን እንደሚጠሩት «ሐቦባ» ትለኛለች። የተማረችው በዓረብኛ ስለሆነ አማርኛን ትናገራለች እንጂ ፊደሉን አታውቅም። ስንት ጊዜ ላስተምራት ብዬ ሀ ሁን ሳንጨርስ እንቅልፍ ወስዷት!

እንግዲህ ሰው አይሳቅብኝና፣ ገዛኸኝ የሚጽፍላትን የፍቅር ደብዳቤ የማነብላት እኔ ነኝ። ስልክማ ሁለቱም አላቸው። እሱ ግን በስልክ አፉ ይተሳሰራል፤ ወረቀት ላይ ሲሆን ነው አንደበቱ የሚፈታው። ይህንንም ስለሚያውቅ ለመነጽሬ እንዲመች ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጎ ይጽፋል፤ አናቱ ላይም «እማማ ስንቅነሽ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ?» ሳይል አይጀምርም።

«ናርዶስ ሆይ፣ ትናንት በሱቃችን ደጅ ስታልፊ በቶብሽ ጫፍ አፍሽን ሸፍነሽ ሳቅሽ። እኔ ያየሁት ዓይንሽን ብቻ ነው፤ የቀረውን ሳቅ ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ጨረስኩት።»

እዚህ ስደርስ መነጽሬን አወልቃለሁ። «ይኼ ልጅ ባለጌ ነው!»

«ሐቦባ፣ ያላ! ቀጥዪ!»

«ጉሮሮዬ ደረቀ።»

ውኃ ልታመጣልኝ ትሮጣለች። እኔ ደግሞ እሷ እስክትመለስ ያቺን መስመር ለራሴ አንድ ጊዜ እደግማታለሁ። ምን ላድርግ፣ እኔን እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ያ ፍቅር ግን መንገዱ ቀና አልነበረም። የገዛኸኝ እናት ወይዘሮ ጸሐይወርቅ አርካዊት ሰፈር ሁለት የቅመማ ቅመም ሱቅ አላት፤ ቅመሙን በመተማ በኩል የሚያመላልሰው እሱ ነው፤ ቤቷ ባለ ፎቅ ነው። እኔና ናርዶስ ደግሞ የሰው ቤት ሰሃን አጥበን ያደርን ነን። በዚያ ላይ ናርዶስ አንድ ጊዜ አግብታ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቷ ላይ ወለደች፤ ልጁ ሦስት ቀን ኖሮ ሞተ። የልጁ ዓርባ ሳይሞላ ባሏ በሊቢያ በኩል ጠፋ፣ ደብዛውም የለ። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ «አንድ ልጄን ለሰው ቤት ሠራተኛ፣ ያውም ለባል ፈት!» ብላ ሁለት ዓመት አኩርፋለች። ገዛኸኝ ግን ከእናቱ ጋር አልተጣላም፣ ናርዶስንም አልተወም። ዝም ብሎ ጠበቀ። በመጨረሻ እናቲቱ ተሸነፈች፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ ሽማግሌ ልትልክ ቃል ገባች።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ አምስት ቀን ሲቀራቸው ናርዶስ ወገቧንና የሆዷን ሥር አመማት። ሰፈራችን ካለ አልትራሳውንድ ቤት ሄደች። ያነሳት ጎረምሳ ወረፋ በዝቶበት ኖሮ በጥድፊያ «የማህፀንሽ በር ላይ ፈሳሽ የቋጠሩ ነገሮች አሉ፣ ለሐኪም አሳዪ» አላትና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጣት። ወረቀቱን ይዘን ሁለት መሃይም ሆነን ተፋጠጥን። ጎረቤታችን ዘሊካ ሐኪም ቤት ወለል ትወለውላለችና ታውቅ ይሆናል ብዬ ጠራኋት። ደግ ልጅ ናት፣ ክፋት የለባትም። ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

«የማህፀን በር ነው ያሏት፣ እማማ?»

«አዎ፣ ምነው?»

«አይ፣ ምንም። አላህ ይማራት» አለች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እኛ ዘንድ በዚያ በኩል የታመሙ ሴቶች ሲገቡ እንጂ ሲወጡ አላየሁም» አለችኝ።

እኔ ደግሞ እህት ነበረችኝ፣ ብርቅነሽ የምትባል። በሠላሳ ስምንት ዓመቷ በዚያው በማህፀን በሽታ ሞተች። አፍራ ደብቃው ነበር፤ ሽታው እስኪያጋልጣት ድረስ። እኔ ነበርኩ የማጥባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ማህፀን» የሚል ቃል ስሰማ እጄ ይቀዘቅዛል።

እሑድ መጣ። ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው ደጄ ቆሙ፤ ናርዶስ ሥራዋ ላይ ናት። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። «እንመካከርበትና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ይባላል፣ ሽማግሌም ያንን ሰምቶ ደስ ብሎት ይሄዳል። እኔም ይህንኑ ልል ሌሊቱን ሳጠና አድሬ ነበር። ግን ዓይኔ ላይ የመጣው ብርቅነሽ ነች። ቀጥሎ ደግሞ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ከሠርጉ ማግስት «በሽተኛ አስታቀፋችሁኝ» ስትል ታየችኝ። ይህች ልጅ አንድ ባል ከነሐዘኗ ጥሏት ሄዷል፤ ሁለተኛው ሲጥላት አይቼ መቆም አልችልም አልኩ። ከምትባረር ሳትገባ ትቅር። አፌ ሳላዘው ተከፈተ።

«ልጄ ለሌላ ቃል አላት» አልኳቸው።

ለሌላ ቃል ያላትን ልጅ ደግሞ የሚጠይቅ የለም፤ ጠብ መጫር ነው። ያቀረብኩላቸውን ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ተነሡ። ለናርዶስ «ቀኑን አሸጋሽገውታል» ብዬ ዋሸኋት። በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። እግሬ ሥር ቁጭ ብላ፣ አገጯን ጉልበቴ ላይ አስደግፋ ጠበቀችኝ። ሰላምታውን አነበብኩላት። መጨረሻውን አነበብኩላት። መካከል ላይ ያለችውን ግን ዘለልኳት።

«ይቺ ብቻ ናት?» አለችኝ። «ዛሬስ አሳጠራት።»

«ሥራ በዝቶበት ነው» አልኳት። ወረቀቱን አጣጥፌ ጡቴ ሥር ሳስገባው እንደ ፍም አቃጠለኝ።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ያን ዓርብ ጠዋት ማበጠሪያ ይዤ የቀረሁት።

ቅዳሜ ናርዶስ ደወለች። የምትሠራላት ሴትዮ ወረቀቱን አይታ «ይህን ይዘሽ ነው ወር ሙሉ የምትቀመጪው?» ብላ ተቆጥታ የራሷ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስይዛላታለች። «ከሰዓት ነው። ሐቦባ፣ ብቻዬን እፈራለሁ» አለችኝ። ጫማዬን በየትኛው እግሬ እንዳደረግኩ አላስታውስም፤ ረክሻ ባጃጅ ላይ ዘልዬ ወጣሁ።

ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት፤ ጎልማሳ፣ በቶቧ ላይ ነጭ ካፖርት የደረበች፣ ድምጿ ወፈር ያለ። ናርዶስን መጋረጃ ውስጥ አስገብታ ስትመረምር እኔ ወንበሩ ጫፍ ላይ ሆኜ ስንት ቅዱሳን እንደጠራሁ እግዜር ይወቅ። መጋረጃው ሲገለጥ ተነሣሁ።

«ዶክተር፣ እውነቱን ለኔ ንገሪኝ። ልጅቷ ትውጣና።»

«አንቺን ነው የማስወጣሽ፣ ሐጃ» አለችኝ፤ እዚህ አገር አሮጊት ሁሉ ሐጃ ነው። «ትንፋሽሽ መጋረጃዬን ሲያውለበልበው ነበር። ቁጭ በዪ፣ ማፊ ሙሽኪላ።»

ችግር የለም ማለቷ ነው። ግን እንዴት ልመን?

ወረቀት አውጥታ የተገለበጠ ቅል የመሰለ ነገር ሳለች። «ይኼ ማህፀን ነው፣ ይኼ አንገቱ። አንገቱ ውስጥ ንፍጥ የመሰለ ፈሳሽ የሚያመነጩ ጥቃቅን እጢዎች አሉ። ሁላችንም አለን። ሴት ስትወልድ አንገቱ ይላላጣል፤ ሲድን አዲስ ቆዳ ይሸፍነዋል። አንዳንዴ ቆዳው የእጢዋን አፍ ይደፍነዋል። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እዚያው ይቋጥራል። ይኸው ነው። ናርዶስ ሦስት አላት፣ እያንዳንዷ ምስር ታክላለች። ከወለዱ ሴቶች ብዙዎቹ አላቸው፤ ሳያውቁት ያረጃሉ።» ከዚያ ወደ ናርዶስ ዞረች። «ወልደሻል አይደል?»

«አንድ» አለች ናርዶስ። «ሦስት ቀን ኖረ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እጇን በናርዶስ እጅ ላይ አደረገች። «እንግዲያው ይቺ እሱን ስትወልጂ የቆሰለው ቦታ ሲድን የቀረች ምልክት ትሆናለች፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። የዳነ ቁስል ነው።»

ናርዶስ አቀረቀረች። እንባዋ ጠብ ጠብ ሲል አየሁት። «ምንም ሳይተውልኝ የሄደ መስሎኝ ነበር» አለች በአማርኛ፣ ለኔ ብቻ።

እኔ ግን ፈሪ ነኝ፤ ማልቀሴን ትቼ ጥያቄዬን ቀጠልኩ። «ወደዚያ ወደ ክፉው በሽታ አይለወጥም?»

«አይለወጥም።»

«መውለድስ አይከለክላትም?»

«ይኼ አይከለክላትም።»

«ታዲያ ለምን አታወጪላትም? በኋላ ቢያድግስ?»

ሳቀች። «ምስር ለማውጣት ብዬ ጤነኛ ሥጋ ለምን ልንካ? በጣም ካደገ፣ ከከበዳት ወይም ካሳመማት፣ ወይም መልኩ አጠራጥሮኝ በትክክል ምን እንደሆነ ማወቅ ካስፈለገኝ፣ ያኔ እነካዋለሁ። ቀደድ አድርጌ ፈሳሹን አፈስሳለሁ፣ ወይም በሙቀት ወይም በብርድ አጠፋዋለሁ፤ በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። የናርዶስ ግን መድኃኒትም አይፈልግም።»

«ሕመሟስ?»

«ወገቧ ነው። አል-ጣኢፍ ውስጥ ምንጣፉን ማን ነው የሚያነሣው?»

«እኔ» አለች ናርዶስ።

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ኸላስ፣ በቃ! ከዛሬ ጀምሮ ለሁለት።» ከዚያ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ወደኔ ዞረች። «ሐጃ፣ የፈራሽው በሽታ ግን አለ፤ ሲጀምር አያምም፣ አያስታውቅም። ስለዚህ ዛሬ ከማህፀኗ በር በጥጥ ነካ አድርጌ ናሙና ወስጃለሁ፣ ይመረመራል። ምንም ባይሰማት እንኳ በየሦስት ዓመቱ ትመጣለች። ከወር አበባዋ ውጪ ደም ካየች፣ ከባሏ ጋር ከተኛች በኋላ ከደማች፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካመጣች ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትምጣ።»

ብርቅነሽ ሦስቱንም አይታ ነበር። ሦስቱንም። ማንም እንዲህ ቁጭ አድርጎ አልነገረንም። ነጠላዬን ወደ አፌ ሰበሰብኩ።

«አንቺስ ሐጃ፣ መቼ ነው የታየሽው?»

«እኔ? እኔማ አሮጊት...» ብዬ ቦርሳዬን መፈለግ ጀመርኩ። ናርዶስ እንባዋ ሳይደርቅ ከት ብላ ሳቀች። ወር ሙሉ ያልሰማሁት ሳቅ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ያቺ የዘለልኳት መስመር ደረቴ ላይ ከበደችኝ። ልጅቷ አልታመመችም። ያራቅኩባት ሰው ግን ሊሄድ ነው፤ እኔም የናሙናው ውጤት ሳይመጣ አፌን ልከፍት ፈራሁ።

የናሙናው ውጤት በሳምንቱ ተነገረን፤ ንጹሕ ነው። በማግስቱ እሑድ ጰራቅሊጦስ ነበር። ሴትዮዋ ለበዓል ስለለቀቀቻት ከቅዳሴ መልስ ናርዶስ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ፊቴ ተቀመጠች። ቤታችን ውስጥ እሳት ይነዳል ማለት ይቻላል፤ ማራገቢያው የሚበትነው ሙቀት ነው።

«ጻፊልኝ፣ ሐቦባ። እኔ ልናገር አንቺ ጻፊ።»

«ለማን?» አልኩ፤ እያወቅሁ።

«ለአጎቴ» ብላ አፏን አጣመመችብኝ። «ጻፊ። ‹ገዛኸኝ፣ ወላሂ ናፍቀኸኛል።›»

«ወላሂ በአማርኛ ደብዳቤ አይጻፍም።»

«ጻፊው፣ ድምፄን ያውቀዋል።» ጻፍኩ። እሷ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ቀጠለች። «‹በሽታዬን ሰምተህ ሸሽተህ ከሆነ አልቀየምህም። ሐኪሟ ግን ጤነኛ ነሽ ብላኛለች። ከፈለግክ ና። ካልፈለግክም ና፣ ፊት ለፊት ንገረኝና ሂድ። እኔ ክፉ ነገር ፊት ለፊት ሲነገረኝ እችለዋለሁ። የማልችለው ሲደበቀኝ ነው።›»

እጄ ቆመ።

«ምነው? አንዷ ፊደል ጠፋችሽ?»

«ናርዶስ፣ እሱ አልሸሸም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

ተናገርኩ። ሽማግሌዎቹ መጥተው እንደነበር፣ ምን ብዬ እንደመለስኳቸው፣ ደብዳቤው ላይ የዘለልኩት መኖሩን፤ ሁሉንም ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ተናገርኩ። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም።

«ደብዳቤዋ አለች?»

ከፍራሼ ሥር አወጣኋት። ተቀበለችኝና የማታውቀውን ፊደል ለረጅም ጊዜ አየችው። «የትኛዋ ናት?» አለችኝ። ጣቴን አስቀመጥኩላት። እሷም ጣቷን ከጣቴ ቀጥላ መስመሯን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰቻት።

«አንብቢያት።»

«‹እማማ ስንቅነሽ፣ ይህችን እባክዎ ሳይዘሉ ያንብቡላት። ናርዶስ፣ ለሌላ ቃል አላት ሲሉኝ አላመንኩም። እውነት ከሆነ ዝም በዪ፣ ዝምታሽን አከብራለሁ። ውሸት ከሆነ ግን አንዲት ቃል ላኪልኝ። እስከ ጰራቅሊጦስ እጠብቅሻለሁ፤ በማግስቱ ጎንደር ሄጄ እዚያው እቀራለሁ።›»

«እንደገና።»

አነበብኩላት።

«እንደገና።»

ሦስተኛው ላይ ድምፄ ተቆረጠ። እሷ ቃሉን ይዛው ነበርና የቀረውን በቃሏ ጨረሰችው። ከዚያ አየችኝ። ያን አስተያየት ጠላቴም አይየው፤ ቁጣ አልነበረበትም።

«ሐቦባ፣ የገዛኸኝ ደብዳቤ ሁሉ ለኔ ድምፁ የአንቺ ድምፅ ነው። እወድሻለሁ ሲለኝ እንኳ የሰማሁት በአንቺ አፍ ነው። አሁን የትኛውን ልመን?»

«የቀረውን ሁሉ አንብቤልሻለሁ። በእመብርሃን፣ አንዲት ፊደል አልጎደለችም።»

«ለኔ ፈርተሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እኔን አልጠየቅሽኝም።»

«ደውዪለት» አልኳት፣ ስልኳን አንሥቼ ወደ እጇ እየገፋሁ። «ዛሬ እኮ ነው! ነገ ይሄዳል!»

«ምን ብዬ? ‹አያቴ ዋሽታ ነው› ብዬ?» ስልኩን አስቀመጠችው። «እናቱ ሰምታ በየማኅበሩ ስምሽን ስታነሣው ልስማ? አሳድገሽኛል። አንቺን አሳልፌ ለነሱ አልሰጥም።»

ይህን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጋደም አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሃያ አራት ዓመት የጠበቅኳት እኔ መስሎኝ ነበር። ለካስ እሷም ትጠብቀኝ ኖሯል።

የሴት ወገን ወደ ወንድ ቤት ሄዶ ደጅ አይጠናም። የትም አልተሰማም፣ ውርደት ነው። ነጠላዬን ደርቤ ጥላዬን ያዝኩ። «ወዴት ነው?» አለችኝ ከግድግዳው ሳትዞር። «ያበላሸሁትን ልናገር» አልኳትና አምጃድ ታክሲ ይዤ የወንዙን ድልድይ ተሻገርኩ። ውኃውን ቁልቁል እያየሁ ምን እንደምል ሳሰላስል፣ ከሽማግሌዎቹ ዋዜማ ይልቅ ፈራሁ።

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ በረንዳዋ ላይ ነበረች። ገዛኸኝ በሩ አጠገብ ተንበርክኮ የሻንጣ ዚፕ ይዘጋል። ሲያየኝ ብድግ አለ፤ ፊቱ ከስቷል። ቢሆንም ጨዋ ነው፤ ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ፣ ቀዝቃዛ የከርከዴ ጭማቂ አምጥቶ ፊቴ አኖረና ሻንጣው ላይ ተቀመጠ።

«እማማ ስንቅነሽ» አለች እናቱ፣ «በበዓል ቀን ምን እግር ጣለዎት? ሙሽራው እንዴት ነው? ቃል ያላችሁለት?»

«ሙሽራ የለም፣ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ።»

«እሱም ጠፋ? እንግዲህ ቀናችሁ አይደለም።»

«ከመጀመሪያውም አልነበረም። ዋሽቼ ነው።»

የያዘችው ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ተንኳኳ። እርስዎ ማለቱም እዚያው ላይ ቀረ። «አንቺ ሴትዮ! ሦስት ሽማግሌ፣ ያውም አንዱ ቄስ፣ ፊታቸው ቆመሽ ዋሸሽ?»

«ዋሸሁ።»

«ልጄን አንድ ወር እህል ከለከልሽው! እኔ ለምኜ እንደማላውቅ ለምኜ ሽማግሌ ብልክ...»

«ናርዶስ አታውቅም። ሽማግሌ መምጣቱንም፣ እሱ የጻፈውንም። ደብዳቤው ላይ ያቺን መስመር ዘለልኩባት። ይህን ነው ልናገር የመጣሁት። ስድቡን እኔ ልውሰድ፤ እሷን ግን አትንኳት።»

ገዛኸኝ ቀና አለ። ዓይኑ ከፊቴ ላይ አልተነሣም።

«ለምን?» አለች ወይዘሮ ጸሐይወርቅ። «ልጄ ምን ጎደለው?»

«ምንም። ያመማት መስሎኝ ነው። የማህፀኗ በር ላይ ፈሳሽ የቋጠረ ነገር አለ አሉን። ትሞትብኛለች ብዬ፣ አንቺም ታባርሪያታለሽ ብዬ ፈራሁ። ለካስ ምንም አይደለም። ሐኪሟ አየቻት፤ ስትወልድ የተላጠው ቦታ ሲድን የእጢ አፍ ይደፈናል፣ በቃ። መድኃኒትም መንካትም የማይፈልግ። የቀረውም ምርመራ ንጹሕ ነው።»

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ወንበሯን ወደኔ ሳበች። «ምን ያህላል?» አለችኝ፣ ድምጿ ወርዶ።

«ምስር ታክላለች።»

«ሦስት ናቸው? አራት?»

«ሦስት። አንቺ ምን አሳወቀሽ?»

ወደ ልጇ አላየችም። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልል ጀመር። «እሱን በወለድኩ በዓመቱ ጎንደር ላይ ይህንኑ አሉኝ። ማን ያስረዳኛል? ሞቴን ስጠብቅ ኖርኩ። ለአባቱም አልነገርኩት። ሌላ ልጅ ብወልድ ጥዬው እሞታለሁ ብዬ...» ሳትጨርሰው ቀረች። «አንድ ብቻ የወለድኩት ለዚያ ነው። ሠላሳ ዓመቴ ነው ይህን ስሸከም። አይነካም ነው ያለችሽ?»

«ካላመመ፣ ካላደገ አይነካም። ነገ ይዤሽ እሄዳለሁ፤ እኔንም ልታየኝ ነው።»

«ትወልዳለች ወይ ልጅቷ?» አለች፤ ግን ጥያቄው የቀድሞው መርዝ አልነበረበትም።

«ይኼ አይከለክላትም ብላለች። የቀረውን ማንም አይፈርምልሽም፣ ለኔም አልፈረመ። እኔ የማውቀው ዛሬ ያቺን መስመር ሦስት ጊዜ አስነብባኝ ሦስተኛውን በቃሏ መጨረሷን ነው። ‹አያቴ ዋሸች ብዬ አልደውልም› ብላ ደግሞ ግድግዳ ዞራ ተኝታለች። እኔን ለማዳን ብላ እሱን ልታጣ።»

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ እጇን ዘርግታ እጄን ያዘችኝ። ቀዝቃዛ ነበር፣ እንደኔው።

ያኔ ገዛኸኝ ተነሣ። ፊቴ መጥቶ ቆመ፤ የሚለኝን ሁሉ ልቀበል አንገቴን ደፋሁ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ሻንጣውን በእግሩ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ፣ የጫማውን ተረከዝ እንደረገጠው እንኳ ሳያስተካክል ደረጃውን ወረደ።

«ገዛኸኝ! ምሳህስ?» አለች እናቱ።

ዞሮም አላየም። ግቢውን በሩጫ አቋርጦ ያን የሚፋጅ ፀሐይ ውስጥ ገባ። ልቤ ከኋላው ሲሮጥ፣ እሱ ሐጅ ዩሱፍ ደርሶ ደጃችንን ሲያንኳኳ፣ እሷም ከግድግዳው ስትዞር ይሰማኝ ነበር።